ሐይቅ ዳር ለቅሶ የተቀመጥንበት ቀን

ከኃይሉ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጋቢ ማጠፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋቢው በረንዳው ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ውሏል። እሱ ሁለቱን ጫፎች ያዘ፣ እኔ ሁለቱን ያዝኩ፣ ወጠርነው፣ አራገፍነው፣ ከዚያ እየተቀራረብን አጠፍነው። ጋቢ የሚያጥፉ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ይራራቃሉ፣ ቀጥሎ ይቀራረባሉ፣ መጨረሻ ላይ እጃቸው ይነካካል።

"አንቺ ሁልጊዜ ጫፉን ከእጄ ትነጥቂኛለሽ" አለኝ።

"አንተ ስለምትንቀረፈፍ ነው" አልኩት።

ጋቢውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። እራት በላን፣ ዜና አየን፣ ተኛን። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል።

ይህ የሆነው በኅዳር ነው። አሁን ጥር ነው። ቀብሩ ላይ አለቀስኩ። ድንኳኑ እስኪነሣም ሰው በመጣ ቁጥር አለቀስኩ። ሰው ሲቀር እንባዬም አብሮ ቀረ። ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ለጉዳይ ሜክሲኮ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ከታክሲ ረዳት ጋር እከራከራለሁ። ልጄ ሕሊና በየቀኑ ትደውላለች። "እማ፣ ማለቴ፣ እንደዚህ ዝም ማለትሽ ኖርማል አይደለም። ኦሎምፒያ ጋ ቢሮ ያላት አንዲት ቴራፒስት አውቃለሁ፣ በቃ አንዴ ብቻ አናግሪያት" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እሺ ማለት አይከብደኝም።

ባለፈው ሰሞን ጥቁር ነጠላዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠብኩት። ከባልዲው ሳወጣው ውኃው ጠቁሯል፣ ጣቶቼም ጠቁረዋል። ሽታው ደግሞ አለ፤ የዛገ ብረትና የተቀቀለ ቅጠል አንድ ላይ የሆነ፣ ኮምጠጥ ያለ። እርጥቡን ነጠላ እንደያዝኩ ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አንድ በጋ ሙሉ እሱ ውስጥ ተኝቻለሁ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ያደግኩበት ግቢ ዛሬ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ከኡራኤል ስመለስ በዚያ አልፋለሁ፤ በራችን የት ጋ እንደነበረ ለመገመት ያለኝ ምልክት ቁልቁለቱ ብቻ ነው። ያኔ የኛን ቤትና የእትዬ የሻረግን ቤት የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነበር። አጥሩ ላይ እናቴና እሳቸው ጨውና ወሬ የሚቀባበሉበት ቀዳዳ ነበረ። ባለቤታቸው ጋሽ መኮንን ካርታ ነዳፊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው በቅጡ የማይሰማ ሰው። ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ጋሽ መኮንን ቢሮ እንደሄዱ ቀሩ። ልባቸው ነው አሉ።

በሰፈራችን ሐዘንተኛ ብቻዋን አታድርም ነበር። አርባው ወጥቶ ዘመድ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከጎረቤት ልጅ ይላክላታል። ልጅ መሆን አለበት። ትልቅ ሰው ማጽናናት ያበዛል፤ ልጅ ዝም ብሎ ይተኛል። ለእትዬ የሻረግ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። እናቴ የሌሊት ልብሴንና ደብተሮቼን በዘንቢል ከታ ሰጠችኝ።

"እስከ መቼ ነው?" አልኳት።

 "እስክታለቅስ" አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ፣ ወይም የገባኝ የመሰለኝ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ኩሽናችን በር ላይ ቆመው ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ነው።

"ድንኳን ሙሉ ሰው ደረቱን ሲመታ፣ እሷ እኮ ቁጭ ብላ ጫማዋን ነው የምታየው" አሉ እትዬ ዘነበች። "አንዲት ጠብታ! ለሰው ይምሰል እንኳ!"

"እሱ አይደለም የኔ ጭንቀት" አለች እናቴ። "እንባው ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ያልወጣ እንባ ሰው ይገድላል፣ በእኅቴ አይቻለሁ። እንዲህ ከቀጠለች ሙት ዓመቱን አታወጣውም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ የሻረግን የማያቸው ቀስ በቀስ እንደሚሞላ እንስራ ነበር። እንባው ከታች ይጀምራል፣ ከእግራቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ጋ ደርሶ ይሆናል፤ አንገታቸው ጋ ሲደርስ ይሞታሉ። ከጎናቸው ስተኛ ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ ለጥፌ ውኃ ይሰማ እንደሆነ አዳምጥ ነበር። የሚሰማኝ ልባቸው ነው። እኔ ግን ከእንስራ አፍ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ አድርጌ ነው የሰማሁት።

ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። እትዬ የሻረግ ጥቁር ልብስ አልገዙም፤ ያላቸውን ልብስ በሙሉ፣ ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ ሹራቡን፣ የሌሊት ልብሳቸውን ሳይቀር፣ በትልቅ ድስት ቀቅለው አጠቆሩት። ቀለሙ አልያዘም። ጠዋት ስነሣ ጉንጬና ጆሮዬ ጠቁሮ ይገኛል። ትምህርት ቤት ልጆች "ከሰል ነጋዴ" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እንባው መውጫ አጥቶ በልብሳቸው በኩል እየመጣ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ በቶሎ በዓይናቸው በኩል እንዲወጣ ማድረግ የኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ በሽንኩርት ሞከርኩ። "እትዬ፣ ዛሬ ብዙ ሽንኩርት እንክተፍ" አልኳቸው። እሳቸው የክብሪት እንጨት በጥርሳቸው ነክሰው መክተፍ ጀመሩ፤ እንደዚያ ሲደረግ አያቃጥልም ብለው። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይኔን ሲጠርጉልኝ ፊቴ ሌላ ጥቁር ሆነ።

ቀጥሎ አሳዛኝ ወሬ ይዤ መጣሁ። "ድመታችን ሞተች" አልኳቸው።

"እናንተ ድመት አላችሁ እንዴ?" አሉኝ።

አልነበረንም። በሌላ ቀን ፈተና ወደቅሁ አልኳቸው። አላለቀሱም፤ በማግስቱ የማባዛት ሠንጠረዥ አስጀመሩኝ። ገና እስኪደርስ ድረስ በሰባት ማባዛትን እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት። የእትዬ የሻረግ ዓይን ግን እንደ ደረቀ ነበር።

እቤታቸው ውስጥ የምፈራው አንድ ነገር ነበረ። ከበሩ ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ ቡናማ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሏል። እትዬ ዘነበች ለእናቴ "የሟቹን ዓይን እንኳ ከግድግዳ አላወረደችውም" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ታዲያ በዚያ በር ስገባና ስወጣ ፊቴን አዙሬ ነበር። ማኅደሩ ውስጥ የጋሽ መኮንን ሁለት ዓይኖች ተቀምጠዋል፤ ማታ ማታ ይነቃሉ፤ ሽንኩርቱንም፣ የድመቷንም ወሬ አይተዋል፣ ሰምተዋል።

ጥምቀት አለፈ። የዚያ ሰሞን ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ይቆርጥ ነበር፤ የቧንቧው ውኃ ጥርስ ያፋጫል። አንድ ዓርብ ማታ እትዬ የሻረግ እንቁላል ሊቀቅሉ ድስት ጣዱ፤ እንዲሁ፣ ወደኔ ሳይዞሩ፣ "ነገ ደብረ ዘይት እንሄዳለን" አሉኝ። ቢሾፍቱን ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንለው።

"ምን ልናደርግ?"

"ወፍ ልናይ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እሱና እኔ ሁልጊዜ እንሄድ ነበር። ወፎቹ ዘንድሮ ሰው ጎደለ ብለው አይቀሩም፤ መጥተዋል።"

እናቴ ስትሰማ "የሻሬ፣ ሰው ምን ይላል? ዓመት እንኳ ሳይሞላው" ብላ ጀመረች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ሐሳቧን ለወጠች። "ሂዱ። ደርቡ ብቻ፣ ብርድ ነው።" ወደ ጓዳ ጠርታኝ ሁለት መሀረብ በሁለቱ ኪሶቼ ውስጥ ከተተችልኝ። "የግራው ያንቺ ነው። የቀኙ የሷ። እንዳትቀላቅዪው።"

ግቢው በር ላይ እትዬ ዘነበች መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል።

"በማለዳ ወዴት ነው?"

"ደብረ ዘይት" አሉ እትዬ የሻረግ።

"ውይ! ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ወፍ ልናይ ነው።"

እትዬ ዘነበች ከራስ ነጠላቸው እስከ ጫማቸው በዓይናቸው ለኩዋቸው። "በጥቁር ልብስ?"

"ወፎቹ ቅር አይላቸውም፣ ዘኑ።"

እስከ ለገሐር በእግራችን ወረድን። ቡናማው ማኅደር በእትዬ የሻረግ ትከሻ ላይ ነበር፤ እኔ በሌላው ጎናቸው ሆኜ እሄዳለሁ። ባቡሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ግን ገና ስንገባ አንድ ኮት የለበሱ ሰውዬ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና "እግዜር ያጥናዎ፣ ይቀመጡ" አሉ። አጠገባቸው የነበረችው ሴት ደግሞ ለኔ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጥቁር ልብስ ባቡር ላይ ወንበር የሚያስገኝ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። እትዬ የሻረግ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ፤ ከዚያ እስክንደርስ ድረስ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩ።

መጀመሪያ የሄድነው ጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ጥልቀት የለውም፤ ሣር መሐል የተኛ ውኃ ነው፣ ዳር ዳሩ እርሻ ነው። ጤፉ ታጭዷል፤ ራቅ ብሎ ውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ገለባው ፀሐይ ላይ ይበናል። ውኃው ላይ ጉም ነበር። ጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በር የሚከፍት የሚመስል ድምፅ።

"እነሱ ናቸው" አሉ እትዬ የሻረግ። "ሽመላዎቹ። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ነው የሚመጡት። ሲሞቅላቸው ይመለሳሉ።"

"ሁሉም ይመለሳሉ?"

"ሁሉም አይመስለኝም። ግን ስለሚመሳሰሉ ማን እንደቀረ አይታወቅም።"

ማኅደሩን ከፈቱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ በእጃቸው የያዙት አቅርቦ የሚያሳይ መነፅር ነበር፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሁለት አፍ ያለው። በዓይናቸው ላይ አድርገው ወደ ጉሙ አዞሩት። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

"አዩዋቸው?" አልኩ።

"አየኋቸው" አሉ ወዲያው። ቀጥለው መነፅሩን አወረዱና በጣም ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። "መኮንን 'አየሻት?' ይለኛል፣ እኔ 'አየኋት' እላለሁ። 'ክንፏን አየሽው?' 'አየሁት'። ምንም አላየሁም እኮ፣ ሰኒ። ጭጋግ ነው የሚታየኝ። ለሱ ዓይን ነው የተስተካከለው፤ 'ይቺን የማዞሪያ ጥርስ እንዳትነኪያት፣ በስንት መከራ ነው ያስተካከልኳት' ይለኝ ነበር። እኔም ደስ እንዲለው አየሁ እላለሁ። ስንት ዓመት ጭጋግ አይቼ ተመለስኩ።"

"አሁን ለምን አያስተካክሉትም?"

 መነፅሩን አቀበሉኝ። "እስቲ አንቺ እዪ።"

የጋሽ መኮንን ዓይን ስላልሆነ ደፍሬ ያዝኩት። እኔም ጭጋግ ነው ያየሁት። መሐሉ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው ክብ ነገር ነበረ፤ ልጅ ስለሆንኩ አዞርኩት። ጭጋጉ መሐል ድንገት አንዲት ሽመላ ቆመች፤ እጄን ብዘረጋ የምነካት መሰለኝ። አንገቷ ጥቁርና ነጭ ነው፣ አናቷ ላይ ቀይ አለ፣ እግሯን ከጭቃው ስታነሣ ጠብታው ይታያል።

"እትዬ! ይቺትና! ይዩ!"

ያደረግኩትን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የጋሽ መኮንን ማስተካከያ ጠፍቷል። እኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ ስላልገባኝ እየጎተትኩ መነፅሩን ዓይናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ራሳቸው በአንድ ጣት ትንሽ አዞሩት። 

"እንዲህ ናት እንዴ?" አሉ። "መኮንን፣ እንዲህ ናት እንዴ?"

አሁን ያለቅሳሉ ብዬ ቀኝ ኪሴን ያዝኩ። አላለቀሱም። ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ መነፅሩን ከዓይናቸው ማውረድ አቃታቸው። ዳክዬውን፣ ዝዩን፣ ነጩን ሳቢሳ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ያዩ ጀመር። ሽንብራ እርሻ ውስጥ የነበረች አንዲት ገበሬ ሽመላዎቹን በአለንጋ ታባርራለች። "ለናንተ ነው እንጂ የሚያምሩት ለኔ ሌቦች ናቸው!" ብላ ጮኸችብን፤ ግን እሸት ሽንብራ ነቅላ እቅፍ ሙሉ ሰጠችን።

እኩለ ቀን ላይ በጋሪ ወደ ሌላኛው ሐይቅ ሄድን፤ ገደል ውስጥ ወዳለው፣ ጥልቅ ወደሆነው። ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ዳር ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አህዮች ውኃ ይጭናሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዳቦና እንቁላል አወጣን። እትዬ የሻረግ ሦስት እንቁላል ነው የቀቀሉት። ሁለቱን በላን። ሦስተኛውን ላጡት፣ ያዙት፣ አዩት፣ መልሰው በዳቦው ጨርቅ ጠቀለሉት።

ውኃው ውስጥ ከበቀለ ደረቅ ግንድ ላይ ጥቁር ወፎች ክንፋቸውን እንደ ነጠላ ዘርግተው ቆመዋል።

"እነሱም ሐዘን ላይ ናቸው?" አልኩ።

"ልብሳቸውን እያደረቁ ነው" አሉ እትዬ የሻረግ። ወደ ውኃው ዳር ወርደው፣ ጫማቸው እስኪረጥብ ድረስ ቀርበው፣ መነፅሩን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አንዱ ጥቁር ወፍ ጠልቋል፤ የት ጋ ብቅ እንደሚል እየፈለጉ ነበር። መነፅሩ ከወዲህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል። "የት ገባ?" ይላሉ ለራሳቸው። "የት ገባ? ይሄን ያህል መቆየት ይችላል እንዴ?"

እኔ ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት፣ ልብስ አጣቢዎቹ ያዩትን ነው። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ትንሽ ልጅ አስከትላ፣ ጥልቅ ሐይቅ ዳር ቆማ፣ ውኃውን በመነፅር እየፈለገች "የት ገባ?" ትላለች።

መጀመሪያ አንዲት ልጃገረድ እጇን በራሷ ላይ ጫነች። ቀጥሎ ሁሉም ልብሳቸውን ጥለው መጡ። እየሮጡ አልመጡም፤ ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ ሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቀስ ብለው መጡ። አንድ አህያ የሚጭን ጎልማሳ ሸሚዙን አውልቆ ውኃው ዳር ደረሰ።

"የት ጋ ነው የገባው?" አለ። "እኅቴ፣ በጣትሽ አሳዪኝ ብቻ።"

እትዬ የሻረግ መነፅሩን አውርደው ዞሩ። ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባቸውም። "እዚያ፣ ከግንዱ በስተግራ" አሉት።

ሰውየው ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ። ከሴቶቹ ትልቋ፣ ሁሉም አደ ጫልቱ የሚሏቸው አሮጊት፣ እትዬ የሻረግን በክንዳቸው ይዘው መሬት ላይ አስቀመጧቸውና ራሳቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነበር የሚናገሩት።

"ልጅሽ ነው ወይስ ወንድምሽ?"

"ምኑ?"

"ውኃው የወሰደብሽ።"

እትዬ የሻረግ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ፣ ሸሚዙን አውልቆ የቆመውን ሰው አዩ፣ የያዙትን መነፅር አዩ። ያን ጊዜ ገባቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሳቅ ነበር የመጣባቸው፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሴቶቹ ግን ሳቅ መሆኑን አላወቁም፤ የትከሻቸውን መንቀጥቀጥ ሲያዩ ለቅሶውን ጀመሩት። አንዷ ዜማ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት።

"አይደለም፣ አይደለም" አሉ እትዬ የሻረግ። "እማማ፣ ተሳስታችኋል። ውኃ አልወሰደውም። ወፍ ነው የፈለግኩት። የባሌ ነገር አዲስ አበባ ነው የሆነው፣ በመስከረም፣ በበሽታ። ቢሮው ውስጥ።"

ዜማው ቆመ። ሰውየው አንድ እግሩን ውኃ ውስጥ እንዳደረገ ቀረ። ሰዎችን በሐሰት አስለቅሰን ልንደበደብ ነው ብዬ የእትዬ የሻረግን ቀሚስ ጨበጥኩ።

አደ ጫልቱ ግን አልተነሡም። እጃቸውን ከእትዬ የሻረግ ክንድ ላይ አላነሡም።

"ታዲያ ምን ለየው?" አሉ። "ሞቷል አይደል?"

"ሞቷል" አሉ እትዬ የሻረግ።

ስለ ጋሽ መኮንን ያችን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰው "አረፈ" ሲል፣ "ተለየን" ሲል እሳቸው ዝም ይሉ ነበር። "ሞቷል" አሉ ደግመው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ጋሽ መኮንንን በስማቸው ጠሩ። ሽመላዋን አየኋት አሉ። አናቷ ላይ ቀይ እንዳለ አልነገርከኝም አሉ። ከዚያ ቃል የሌለበት፣ ከሆድ የሚወጣ ለቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ሳይጠየቁ ከቆሙበት ቀጠሉ፤ ለማያውቁት ካርታ ነዳፊ፣ ፀሐይ ላይ፣ የታጠበ ልብስ መሐል ተቀምጠው አለቀሱ። በቃሽ ያላቸው የለም።

እኔ መሀረቡን ይዤ ቆሜ ነበር። ሲቀበሉኝ ጉንጫቸው ላይ ከነጠላው የወረደ ጥቁር መስመር ነበረ። እንስራው ተገለበጠ ብዬ አሰብኩ። ውኃው አንገታቸው ጋ ሳይደርስ ደረስን።

መጨረሻ ላይ ያ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ እኔ ልጥለቅ ወይስ ልብሴን ልልበስ?"

ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ የሻረግም፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። ሦስተኛውን እንቁላል ከጨርቁ ፈትተው ሰጡት። ቁሞ በአንድ ጉርሻ ዋጠው። አደ ጫልቱ ደግሞ "ይሄ ነገር ምን ያሳያል?" ብለው መነፅሩን ጠየቁ። እትዬ የሻረግ ጥርሷን እንዴት እንደሚያዞሩ አሳዩዋቸው። አሮጊቷ ወደ ግንዱ አዙረው ድንገት ወደ ኋላ ሸሹ። "ወይ ጉድ! ዓይኑ አረንጓዴ ነው! ስንት ዘመን ውኃ ስቀዳ ዓይኑ አረንጓዴ መሆኑን ማን ነገረኝ?"

ሲመሽ ቤት ደረስን። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እ?" አለችኝ በጆሮዬ። ቀኝ ኪሴን ገልብጬ መሀረቡን ሰጠኋት። እርጥብ ነው፣ ጥቁር ነው። እናቴ ይዛው ወደ አጥሩ ዞረች፤ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት።

"በይ እንግዲህ ዕቃሽን አምጪና ወደ ቤትሽ ነዪ" አለችኝ ቆይታ።

"አልመጣም" አልኳት። "በስምንት ማባዛት ገና አልጨረስንም።"

ይህንን ሁሉ ያስታወስኩት እርጥብ ነጠላ ይዤ ባኞው ጠርዝ ላይ ነው። ማታ ሕሊና ስትደውል ነገርኳት።  "እማ፣ ማለቴ፣ ሴቶቹ አያውቋቸውም ነበር አይደል?" አለች። አያውቋቸውም አልኳት። "ብቻሽን ነው የምትሄጂው?" አለችኝ፣ እሄዳለሁ ሳልላት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁሬን ለብሼ ወደ ቢሾፍቱ እሄዳለሁ። መነፅር የለኝም፤ በዓይኔ የሚታየኝን አያለሁ። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ከመጣና ማን ሞተብሽ ካለኝ፣ ኃይሉ እላለሁ። ካልመጣ ወፎቹን አይቼ ሳይመሽ እመለሳለሁ።